ቀሪ

ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት፣
የተጀመረው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፤
ከየሰፈሩ የመጡ ሰባት ባለ ትምህርት ቤት
በአፀደ ሕፃናት ወንበር ላይ፣
ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ
እንደ ተቀጣ ተማሪ፤ ለካ
ወንበር ነው ሰውን የሚያስተካክለው።

በሩ ላይ ባነር ሰቅለናል፦
«የነፃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር»።
ዘበኛው ጋሽ ላሊሞ አንገቱን ሰግጎ ያነባል፦
«ነፃ? ከመቼ ወዲህ? ታዲያ እኔ ለልጅ ልጄ
በየወሩ ስከፍል የኖርሁት ምን ነበር?»

ሳቅን። ስሙ የእኛ አይደለም፤
ከናይሮቢ የመጣ ደብዳቤ ነው ያስለመደን።
እዚያም፣ ካምፓላም፣ ሉሳካም እንደኛ ያለ ማኅበር አለ አሉ፤
መንግሥት ያልሠራቸው፣ መንግሥት ግን የሚቆጥራቸው፣
በኪራይ ግቢ፣ በብድር ቆርቆሮ ሥር ፊደል የሚያስቆጥሩ።
ቅጽ አያይዘዋል፦ አባላት ስንት ናችሁ?
ለአባሎቻችሁ ምን አደረጋችሁ?
ሁለተኛው መስመር ሦስት ወር ባዶውን ከረመ፤
ማኅተሙ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ መልሱ ነው የታመመ።

አጀንዳ አንድ፣ የክፍያ ጭማሪ፦ ጮኽን።
አጀንዳ ሁለት፣ የፈቃድ እድሳት፦ አቶ ሐሜሶ ቆሞ
«አምና ሜዳዬን በሜትር ለኩ፣ ዘንድሮ በገመድ፤
በየዓመቱ ይጠብባል፣ አጥሬ ግን አልተነቀነቀ!»
አጀንዳ ሦስት፣ ልዩ ልዩ፦
ሰው ቦርሳውን የሚያነሣበት ሰዓት፣
ያኔ ነው ወይዘሮ ዱካሌ የተነሣችው፦

«የቤቱ ጌታ ዐረፈ፤ ወራሾቹ ሸጡት።
እስከ ሰኔ ሠላሳ ነኝ።
ልጆቼ ስድሳ አንድ ናቸው።
ስለ ራሴ አልለምንም። እነሱን ማን ይውሰዳቸው?»

ዝም።
ቃለ ጉባኤ ላይ ዝምታ በምን ይጻፋል?
አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት
አባ ኮዳ አጠገብህ እንደሚቆመው፣
ራሰ በራ፣ የማይቸኩል፣ ሁሉን የሚያይ፣
እንዲያ ቆመ በመሃላችን።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሐሜሶ ነው፤
ባለፈው መስከረም ሁለት መምህራኗን
በስምንት መቶ ብር ብልጫ የነጠቃት፣ እሱው።
ጠመኔ አነሣ። ስድሳ አንድ ሲካፈል ለሰባት።
ስምንት ስምንት ደረሰን። ቀሪ አምስት።

አምስቱን ሳንጠራቸው ሁላችን አወቅናቸው፤
የአራት ወር ክፍያ ያለባቸው።
«ሁለቱ ለእኔ» አለች ቱንሲሳ፣
ስልኳን እያየች፣ ደግነቷ እንዳይታወቅባት።
«አንድ።»
«አንድ፤ ግን ዩኒፎርሙን ማኅበሩ ይቻል።»

ቀሪ አንድ።
ባራሳ ይባላል። እናቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትበልታለች፤
ስታመጣው እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።
ሰባቱ ሰባት ምክንያት ነበራቸው፣
እኔም ጻፍሁላቸው።

በስም መጥሪያ «ቀሪ» ያልመጣ ነው፤
በሒሳብ «ቀሪ» የተረፈ ነው፤
የጎደለውንም የተረፈውንም
በአንድ ስም ነው የምንጠራው።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ቤት የለኝም፣
ያለኝ ብዕርና ማኅተም ነው።
«ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» አልሁ፣ ፈረሙ፣ ወጡ፤
ወንበሮቹ ከነሙቀታቸው ቀሩ።
የናይሮቢውን ቅጽ ዘረጋሁ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ
«ስድሳ ልጆች ተካፈልን» ብዬ
ነጥቡን ሳላሳርፍ ቆየሁ።

ጋሽ ላሊሞ መስኮት ዘጋ፣ ታቦር ከመስታወቱ ኋላ ቀረ፤
እርጥብ ጨርቅ ይዞ ሰሌዳውን ጠረገ፣
ስድሳ አንዱን፣ ሰባቱን፣ ስምንቱን፤
ከታች ጥግ ሲደርስ እጁ ቆመ።
«ይቺን ልተዋት?»
«ተዋት።»

ሰኞ ጧት ልጆቹ ገብተው ጮክ ብለው ያነቧታል፤
ገና ቁጥር አንድ ላይ ናቸው።